የጎማው ፎቶ

ልጄ እንዳላማው፣ በምትሄድበት መንገድ ሁሉ ቅዱስ ማርቆስ ከመኪናህ ፊት ፊት ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ ታጨደ። ቀይዋ ላም ወለደች፤ እኔ ግን ጥጃዋን እስካሁን ሄጄ አላየኋትም።

ካናዳ ብርዱ ሲገባ የከባድ መኪና ጎማ ለበረዶው ሰንሰለት እንደሚታሰርለት እህትህ መሲ ነገረችኝ። ቶሎ ይታሰራል ብለህ ቀጭኑን ልትገዛ ነው አለች። ተው ልጄ፣ ወፍራሙን ግዛ። እንዳይላላም ጎማህ ላይ ለክተህ ውሰድ። ዳገቱን ከጀመርክ በኋላ ሳይሆን ገና ሜዳው ላይ ሳለህ እሰረው።

አባትህም ለጭቃ የሚያስረው ሰንሰለት ነበረው። የሞተ ዕለት «ይከብዳል፣ መንገዱም ደርቋል» ብሎ ከበሩ ኋላ ትቶት ወጣ። ከይጁቤ ከተማ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ያዘው፤ መኪናው ተንሸራቶ ይዞት ገደል ገባ። ሰንሰለቱ ዛሬም እዚያው ነው። ቤት ስጠርግ አነሳዋለሁ፣ መልሼም አስቀምጠዋለሁ። አላለቅስም፤ እንባውም ቀርቷል።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፣ እጅህን ከብርድ ይጠብቅልህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ሁልጊዜ በመሲ ስልክ የፊትህን ፎቶ ትልክልኛለህ። አሁን ግን ሰንሰለቱን አስረህ ስትጨርስ ጎማውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ፊትህንማ አውቀዋለሁ።

እናትህ የብርጓል