ሐኪሙ ያዘዘልኝ የእግር መንገድ

ራውዳ፣ ሪያድ
ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለይማም። ከእናታችን ጋር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ጉልበቴን ሲያመኝ ከረመ። ደረጃ ማጠቡ ያመጣው መስሎኝ ነበር። ፎቅ ላይ ማዳም የተወችው የመሮጫ ማሽን አለ፤ እሷ ቀትር ላይ ስትተኛ በባዶ እግሬ አንድ ሰዓት እሮጥበታለሁ።

ማነከሴን ስታይ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ጉልበቴን ጫን ጫን እያደረገ «መቼ ይብስብሻል?» አለኝ።

«ሮጬ ስጨርስ። በየቀኑ አንድ ሰዓት በባዶ እግሬ እሮጣለሁ።»

«ምክንያቱ እሱ ነው። ያለ ጫማ፣ ሰውነትሽ ሳይለምደው በየቀኑ ይህን ያህል ስትሮጪ ጉልበትሽ ተጎዳ። ለምንድን ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

ማዳም አጠገቤ ነበረች። «ደስ ስለሚለኝ» አልኩት።

ሩጫውን ትቼ በየጠዋቱ ከቤት ወጥቼ ግማሽ ሰዓት በዝግታ እንድራመድ አዘዘኝ። ማዳም «ኢንሻአላህ» አለችው። መኪና ውስጥ ግን «ሳሎኑ ሰፊ ነው» አለችኝ። አሁን ከኩሽና እስከ ውጭው በር እመላለሳለሁ። ቁልፉ እሷ ጋ ስለሆነ በሩ ጋ ስደርስ እዞራለሁ።

ኮንትራቴ ከረመዳን በፊት በሻዕባን አልቋል። ስለ አገር መግቢያዬ ሳነሳባት «ያላ፣ ወደ ሥራሽ» ትለኛለች። ይህን ለእናታችን አታንብብላት።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ጎረቤት ስትሠራ የነበረችው ኸይሪያ ናት፤ ጠቅልላ ወደ አገር እየገባች ነው። ለማዳም ስትደውል ኮንትራቱን ሳታነሳ በአረብኛህ ስለ ጉልበቴ ብቻ ጠይቃት። «ሐኪሙ እንዳዘዘው በየጠዋቱ ትወጣለች?» በላት። በየሳምንቱ ደውል። እሷ ብትሰለችም አንተ አትሰልች፣ ወንድምዓለም።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ዘኪያ