የነሐሴው ዝናብና የታችኛው ማሳ

ለውድ ወንድሜ ለስጦታው፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳል ከሐይቁ ነፋስ ጋር እንዳይጸናብህ እያልን እናታችንና እኔ ስናነሣህ እንውላለን። ጣናስ እንዴት ነው? ሞልቶ የጀልባ ማቆሚያችሁን ደረጃ ሸፍኖታል ብለህ ነበር፤ አሁንም ከማዕበሉ ጋር እየታገልክ ሰው ታሻግራለህ ወይስ ከለከሏችሁ? እኛ በአምላክ ቸርነትና በእናታችን ጸሎት በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን እጄ እንቢ አለኝ። ምክንያቱን ወደ ታች ታነበዋለህ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በሬዎቹ አውርቼ ዘጋሁት። እናታችን እንደሆነች ስልኩ ድምፁ ካልጎላላት አይሆንላትም፤ እኔስ የልጄን ድምፅ አልሰማም ወይ እያለች አጠገቤ ትቀመጣለች። እሷ በተቀመጠችበት የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ሞጣ ባለችው በእኅታችን በፈንታነሽ በኩል ይደርስሃል። የሰው ደብዳቤ ማንበብ እንደምትወድ ስለማውቅ በሙጫ አሽጌዋለሁ።

በነሐሴ መጀመሪያ ያነበብክልን የአየር ትንበያ አንዳችም አልሳተም። ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ በጣና ዙሪያና በምሥራቅ ጎጃም ከመደበኛው በላይ ይዘንባል፣ ክረምቱም ቶሎ አይወጣም፣ ጥቁር አፈር ላይ የዘራችሁ ውሃውን አጠንፍፉ ያልከውን ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ። አጎታችን ጋሼ ጓዴም የጣናን ዝናብ ጣና ይጠጣው፣ የእኛ ደመና ከዓባይ በረሃ ነው የሚወጣ ብለው አላገጡብኝ። እኔ ግን አመንኩህ። ሳላምንህ ብቀር ይሻል ነበር።

እንደምታውቀው የእኔ ማሳ ከላይ፣ ያንተ ከታች ነው። ውሃ ማውረጃ ፈሰስ ሲወጣ ደግሞ ወግ አለው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ሳያማክር አይቆፍርም፤ ውሃውም በሰያፍ ተመርቶ ወደ ፈፋው ይወርዳል እንጂ በሰው ቡቃያ ላይ አይለቀቅም። አባታችን በሕይወት ሳሉ ይህን ስንት ጊዜ ነገሩን! የቡሄ ዋዜማ ዕለት ደመናው ከሞጣ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ አየሁና አካፋና ዶማ ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። እስከ ፈፋው መቆፈር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ወደ አንተ ማሳ ግን ሠላሳ እርምጃ ብቻ። ለጊዜው ነው፣ ከፍልሰታ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ በአጭሩ ቀደድኩት። ጾም አድክሞኝ ነው ብዬ እንዳላመካኝ፣ ለመቆፈሩ ጉልበት አላጣሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት በአንተ እርሻ ላይ ስለሆነ የምለቅመውም የለኝ።

ጾሙ ከተፈታ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ፈንታነሽ በረዶ ድንቿን እንደመታባት በደወለችበት ዕለት ነው የእኛም ጉድ የወጣው። የእኔ ጤፍ ቀና እንዳለ ነው። ያንተ ማሳ ግን ኩሬ ሆነ። ውሃው ሲጎድል ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ጭቃው ላይ ተኝቷል፤ ብነቅለው ሥሩ በስብሷል። በእኩል የሚያርስልህ ሰማው ፈሰሱን በሥርዓቱ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ማሳ የወጣ ፈሰስ የሁለት ማሳ ውሃ እንዴት ይችላል? እኔ ዝናቡ ባባራ ማግስት ማልጄ ሄጄ የቀደድኩትን መልሼ ደፈንኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ምን ሆነ ብለህ ብትደውል፣ ሰማው ፈሰሱን በጊዜ አላወጣም አልኩህ። ዋሸሁህ ስጦታው። አንተም ተቆጥተህ ለመጪው ዓመት መሬቱን ለሌላ ሰው ስጡልኝ አልክ። እናታችንም ሰማው ደጃችን ሲመጣ ፊቷን ታዞርበት ጀመር። ሦስት ልጆች ይዞ ከዚያ ማሳ ሌላ የሚያርሰው የለውም። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን በሬውን ወደ ቢቸና ገበያ ሲነዳው መንገድ ላይ አገኘሁት። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ የሚታረስ ከሌለ በሬ ምን ያደርጋል ብሎኝ አለፈ። እውነትም ሸጦት ተመለሰ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ፤ የእኔ ግን ጠበበኝ። በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ እናታችን እንደ ወጉ ልጆቹን አስጠምቃ ስታበቃ፣ ምን በድለን ይሆን የስጦታው እርሻ ብቻ የጠፋው እያለች ወደ መልአኩ ስትለምን ሰማኋት። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን አልኩ። በማግስቱ ነው ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ የተቀመጥኩት።

ስለዚህ መሬቱን ከሰማው አትንጠቀው። ዘንድሮ ከእኔ ማሳ ከሚገባው ጤፍ ያንተንም የሱንም ድርሻ እሰጣለሁ፤ ለቤቴ የሚተርፈው ጥቂት ቢሆንም ሚስቴ ሰብለ ወንጌል ነገሩን ከሰማች በኋላ እሺ ብላለች። አዲሱ ትንበያ ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ሊዘልቅ ይችላል ይላል ብለኸናል። እንዲያ ከሆነ ውሃው ሲጠልቅ ማሳህ ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፤ ዘሩን እኔ አወጣለሁ፣ ሰማውም በእኔ ጥንድ በሬ ያርሳል። ዝናቡ ከዚያም ካለፈ ግን ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ሰማዩን ባየሁት ቁጥር ልቤ ይፈራል።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሰማው ቤት ሄድኩ። አንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እሱ ይስማው ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ሚስቱ ወይንእሸት ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰማው ቀና ብሎ አላየኝም። እንዳቀረቀረ፣

«ስትደፍነው አይቼሃለሁ» አለኝ።

ለካ ያን ዕለት ከእኔም ቀድሞ ማሳውን ሊያይ ወርዶ ኖሯል። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልክ ብዬ ብጠይቀው፣

«መሬቱ የወንድምህ፣ ዳኛው አንተ። ለማን ልናገር?» አለ።

ወረቀቱን አጣጠፍኩ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ወይንእሸትም ከበሩ ፈቀቅ ብላ አሳለፈችኝ። ነገ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ለእናታችንና ለሽማግሌዎቹ በራሴ አፍ እናገራለሁ። አንተ የፈለግኸውን ፍረድብኝ፤ የሰማውን የእርሻ ጉዳይ ግን ቶሎ ቁረጥለት።

እናታችን ይህ ደብዳቤ የዝናብ ወሬ ብቻ ይመስላታል፤ ማታ ማታ በጀልባ አትሂድ፣ ልብስህንም ደራርብ ትልሃለች፤ አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልህ ብላ መርቃሃለች። ሰብለ ወንጌል እጅግ ናፍቀኸኛል ትላለች። ልጄ ማርያማዊት ሦስተኛ ክፍል ማለፏን ንገርልኝ ብላ ቆማብኛለች። ጋሼ ጓዴ ሰላም ይሉሃል፤ ትንበያህንም እንግዲህ አምነንሃል ብለዋል። ሰማውን ከደጁ ሳልርቅ ዞሬ የአንተንም ሰላምታ ልጻፍልህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። መጀመሪያ መልሱ ይምጣ አለኝ።

የበደለህ ወንድምህ፣
አካለ ወልድ
ቢቸና፣ ጳጉሜ ፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.