የነቀዙን ደብተር ደብቄ በመምህር ቢራራ ላይ ስላቀረብኩት ክስ

ለኒም ጥላ የኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት ቤት
ለወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ለክብርት ወ/ሮ ቤተል ተክለማርያም
ኮሎሎ፣ ጁባ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም

አመልካች፦ ሱሌይማን ቡሽራ፣ በጀበል ገበያ የእህልና የጥራጥሬ ጅምላ ነጋዴ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሉባባ ሱሌይማን አባት

ጉዳዩ፦ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም በመምህር ቢራራ ላይ ያቀረብኩት አቤቱታ ሐሰት መሆኑን አምኜ እንዲሰረዝልኝና መምህሩ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክብርት ሰብሳቢ፣

የባንክ ሰው ስለሆኑ ጊዜ እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ በአንድ ገጽ ልጨርስ አስቤ ጀምሬ ነበር። አልተቻለኝም። ውሸቱን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ በቅቶኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይረዝማል። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. የካቲት 27 ቀን በእኔና በሌሎች ዘጠኝ ወላጆች ፊርማ የገባው አቤቱታ፣ የሳይንስ መምህሩ መምህር ቢራራ «ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ እያሉ የልጆቻችንን እምነት እያበላሹ ነው» የሚል ነበር። በዚሁ መነሻ መምህሩ ከመጋቢት 5 ጀምሮ ከማስተማር ታግደዋል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይሰናበቱ ወይም አይሰናበቱ የሚለውን እንደሚወስን ሰምቻለሁ። ከተሰናበቱ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ስለሚያበቃ ከጁባ መውጣታቸው ነው። ያ አቤቱታ ውሸት ነው፤ የውሸቱም ባለቤት እኔ ነኝ። ዘጠኙ ወላጆች የፈረሙት እኔን አምነው ነው። ከልጆቻቸው አንዱም እንዲህ ሲባል ሰማሁ ብሎ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

2. መምህሩን ድሮ እንደምጠላቸው አድርገው እንዳያዩብኝ ይህን ላስረዳ። አምና ሉባባ ከጓዳ አንድ ሽንኩርት ይዛ ሄዳ፣ ከሰዓት ስትመለስ ቀጭኑን ልጣጭ በማይክሮስኮፕ እንዳየችው ነገረችን። እንደ ጡብ የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች እንዳሉት፣ ህዋስ እንደሚባሉ፣ እኛም ሁላችን ከእነዚያ እንደተሠራን ስታወራ ራታችን ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ኑርያ ለአንድ ሳምንት ሽንኩርት በከተፈች ቁጥር ትስቅ ነበር። እኔም በገበያው ውስጥ ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ። ሰውየው ጥሩ አስተማሪ መሆናቸውን ያኔም አውቅ ነበር።

3. አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። መምህሩ አምና ግንቦት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሕይወት ያለው ነገር መርጦ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲከታተል አዘው ነበር። የሌላው ሰው ልጅ ድመት መረጠ፣ የኒም ዛፍ መረጠ፣ የወይዘሮ አልጣሽ ልጅ በረንዳቸው ላይ ያለችውን እንሽላሊት መረጠች። የእኔዋ የመጋዘኔን ነቀዝ መረጠች።

4. ነጋዴ ያልሆነ ሰው ይህ ምን ያስቆጣል ይል ይሆናል። የቦሎቄና የበቆሎ መጋዘን ያለው ሰው ሁሉ ነቀዝ አለበት፤ የለብኝም የሚል ካለ ይዋሻል። የነቀዝ ክኒን ጆንያው መካከል ይደረግና በሸራ ጥርቅም ተደርጎ ለቀናት ይታፈናል። እኔ ግን ከታዘዘው ክኒን ግማሹን አድርጌ፣ ከታዘዘውም ቀን በፊት ሸራውን እገልጥ ነበር። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ሸራ ሸፍኖ መቀመጥ አይሆንልኝም። ችኩል ሰው ነኝ፤ ኑርያ ትመስክር።

5. ሉባባ መጋዘኑ ከተናፈሰ በኋላ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቦሎቄ በወንፊት ነፍታ፣ መቶ ነቀዝ ለይታ፣ ስንቱ እንደሞተ ስንቱ እንደሚንቀሳቀስ ትቆጥር ነበር። ከአምናው ግንቦት ጀምሮ አራት ጊዜ ቆጥራለች። በመጀመሪያው በሕይወት የነበሩት ስድስት ናቸው። በሁለተኛው ዐሥራ አራት፣ በሦስተኛው ሠላሳ ሰባት፣ በዘንድሮው የካቲት ስድሳ አንድ። እኔ ከጎኗ ቆሜ እያየሁ «ምን ልታደርጊው ነው፣ ይልቅ ጥናትሽን አጥኚ» እላት ነበር።

6. የካቲት መጨረሻ ላይ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። ከቁጥሮቹ ሥር መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ ምልከታ ነው። አባትሽ ምን ያህል ክኒን ለስንት ቀን እንደሚጠቀሙ ጠይቀሽ ጨምሪበት። ለወላጆች ቀን በትልቅ ወረቀት ሠርተሽ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» ብለው ጽፈው ነበር። ደሜ ፈላ። በወላጆች ቀን የሚመጣው ሰው ግማሹ ቦሎቄ የሚገዛው ከእኔ ነው። በገዛ ልጄ እጅ የተሣለ የመጋዘኔን ነቀዝ እየዞረ ሊያይ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው መምህር ነው ወይስ የሆነ መሥሪያ ቤት የላከው ተቆጣጣሪ ብዬ ተንጨረጨርኩ።

7. ደብተሩን ወስጄ ሱቅ ውስጥ ሣጥን ሥር ደበቅሁት። ቁጣዬ ስለ ነቀዝ ነው ብዬ ወደ ኮሚቴው መምጣት ግን አልችልም። ስለዚህ ሃይማኖትን መከለያ አደረግሁ። ክፍሉ ስለ ሕያዋን ዝግመተ ለውጥ እየተማረ መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ ዝንጀሮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ሲሰማ እንደሚፈርምልኝ አውቅ ነበር፤ ፈረመልኝም። ይህ የሆነው በረመዳን መሆኑን እንዳይረሱብኝ። ከምግብና ከውሃ ጾሜ፣ ስለ ዲን የተቆረቆርኩ መስዬ፣ በሰው እንጀራ ላይ ዋሸሁ።

8. የሚቀጥለውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ክብርት ሰብሳቢ፣ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይህን የመሰለ የተንጋደደ መሆኑን እያዩት ነው። የሱቄን ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፍልኝ ሉባባ ናት። ያንንም አቤቱታ በቃል እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት። «አባ፣ እንዲህ አላሉም» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ቲቸር ስለ እምነታችሁ ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ የማስተምራችሁ ለፈተና የሚመጣውን ሳይንስ ነው ብለው ነው የነገሩን።» ጻፊ ብዬ ተቆጣኋት፤ ጻፈች። መምህሩ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ወረቀቱ ሲሰጣቸው የማን እጅ እንደሆነ ገና ሲያዩት አውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያረሙት እጅ ነው።

9. መምህሩ ከታገዱ ጀምሮ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄደችም። እርስዎ ዘንድ በሕመም ተብሎ የተመዘገበው እኔ ያልኩት ነው፤ አልታመመችም። አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ ስትታዘዝ እሺ ትላለች። አንድ ቀን ብቻ ለደንበኛ የሚላክ ደብዳቤ እንድትጽፍልኝ ስጠይቃት «እሱን ራስህ ጻፈው አባ፣ እኔ ከእንግዲህ ለማንም አልጽፍም» አለችኝ። ኑርያም ያን ቀን «ልጄን የሰው ፊት ማየት አሳጥተህብኝ ምን ምሳ ሥሪልኝ ትለኛለህ» ብላ ማዕድ አላቀረበችልኝም። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው።

10. ታዲያ ምን መለሰህ ይሉኝ ይሆናል። ከደግነት የተነሣ ነው ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። ከዒድ በኋላ ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አንዲት የአገሩ ተወላጅ ደንበኛዬ ጆንያ አስከፍታ አየችና፣ በሰው መሐል «ሱሌይማን፣ ደ ፋሱልያ ወላ ሱስ?» አለችኝ፤ ይሄ ቦሎቄ ነው ወይስ ነቀዝ ማለቷ ነው። ገበያው ሳቀብኝ። ክኒን ካደረግሁ ገና ሳምንቴ ነበር። መፍትሔ የሚሆነኝ ነገር ቢገኝበት ብዬ የደበቅሁትን ደብተር አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ዝንጀሮ የሚል ቃል የለበትም።

11. ያለው ይህ ነው። እኔ ነቀዙ መድኃኒቱን ለመደው እል ነበር። ሉባባም መጀመሪያ እንደዚያ ጽፋ ነበር። መምህሩ ሰርዘው እንዲህ ብለው አርመዋታል፦ «አንድም ነቀዝ አልለመደም። መጀመሪያውኑ በተፈጥሯቸው የሚቋቋሙ ጥቂት ነበሩ። ግማሽ መድኃኒት ሌሎቹን ገድሎ እነሱን ያተርፋል፤ የሚቀጥለው ትውልድ የእነሱ ልጆች ነው። ይህ ለውጥ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእናንተ ቤት እየሆነ ነው።» ጠይቂ ያሏት የክኒኑ ቁጥር ችግሬ የቱ ጋ እንዳለ የሚያሳይ ነበር። ሊያጋልጡኝ የመጡ የመሰሉኝ ሰው ሊረዱኝ ነበር። እኔ በገዛ ችኮላዬ የማይሞት ነቀዝ ሳረባ ከርሜ፣ ይህን ያየችውን ልጅና ያሳዩአትን መምህር አፍ ዘጋሁ። አላህ ሰው አድርጎ እንደፈጠረኝ ዛሬም አምናለሁ፤ በዚህ የተለወጠ ነገር የለኝም፤ መምህሩም ተለወጥ አላሉኝም።

12. መምህሩ ጉዴሌ ያሉበት ቤት ሄድኩ። መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ እየጨመሩ ነበር። ወንበር ሰጡኝ። ደብተሩ የሚያድንዎት መሆኑን እያወቁ ለምን ለኮሚቴው አልተናገሩም አልኳቸው። «አቶ ሱሌይማን፣ ደብተሩን አምጡ ብል ልጅቷ አባቷን ያጋለጠች ትሆናለች። ወረቀቱ የእሷ እጅ ነው ብል ደግሞ መምህሯን የከሰሰች ትሆናለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም አትችለውም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ኮሚቴውን በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ/ የካቲት 27 የገባው አቤቱታ በሐሰት የቀረበ ተብሎ እንዲሰረዝ፤ ዘጠኙ ፈራሚዎችም ተታለው መሆኑ በመዝገቡ እንዲያዝላቸው።

ለ/ ከፈተናው በፊት የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ስለሆኑ መምህር ቢራራ ከቅዳሜ ሳያልፍ ወደ 8ኛ ክፍል እንዲመለሱ።

ሐ/ በአቤቱታው ላይ ያለው ጽሑፍ የልጄ ቢሆንም ቃሉ የእኔ ብቻ መሆኑ እንዲጻፍ፤ ከልጄም ጋር በዚህ ጉዳይ ማንም እንዳይነጋገር።

መ/ ይህ ማመልከቻ በወላጆች ፊት በሙሉ እንዲነበብ። ስለ መጋዘኔ ያልኩት እንዳይቀነስ። አሁን ሸራውን ጥርቅም አድርጌ ሸፍኜ ሱቄን ዘግቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ከእኔ አልገዛም የሚል ወላጅ ቢኖር አልቀየምም።

ሠ/ ኮሚቴው ይህን ሁሉ ሰምቶም መምህሩን ለማሰናበት ከወሰነ፣ ውሳኔውን ለመቀየር አቅም የለኝም። በስንብት ደብዳቤያቸው ላይ ግን ምክንያቱ ያስተማሩት ትምህርት ነው ተብሎ እንዳይጻፍ እለምናለሁ። ምክንያቱ ሱሌይማን ቡሽራ ነው ተብሎ ይጻፍ። ልጄ ያንን ወረቀት አንድ ቀን ፈልጋ ታነበዋለች፤ ስታነበው መምህሯን ያባረራቸው የእሷ ደብተር እንዳልሆነ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮትና ከእፍረት ሰላምታ ጋር

ሱሌይማን ቡሽራ
(ፊርማ)