ቃል የሌለው መጽሐፍና የደብዳቤዎችህ ግርጌ

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ዓይንህስ ከብየዳው ብልጭታ ትንሽ አረፈልህ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ባለቤትህስ፣ ያቺ ነገረኛ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሳልጽፍልህ መክረሜን አትቀየመኝ፤ ሰበቡ ንባብ ነው። እንደምታውቀው እዚህ በሰው አገር በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተቀደዱ መጻሕፍት እጠግናለሁ። ሰሞኑን ከላይ የሚወርዱልኝ የሳይንስ ልብወለዶችና በሥዕል የተተረኩ ታሪኮች ናቸው። ሰው የሚወደው መጽሐፍ ቶሎ ይቀደዳል ይላሉ ኃላፊዬ። ሙጫው እስኪደርቅ መጠበቅ ስላለብኝ፣ እየጠበቅሁ አነባለሁ።

አንደኛው ሩቅ ኮከብ ላይ ብቻዋን ችግኝ ስለምትንከባከብ ሴት ነው። የእናቷ ድምፅ እሷ ዘንድ ለመድረስ አሥራ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። «ልጄ፣ በላሽ ወይ?» የሚል ይደርሳታል። እሷም መልሱ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት እንደሚጓዝ እያወቀች «በልቻለሁ እማዬ» ትላለች። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ ከፊቴ የሚሄዱት ሰዎች በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ መሰሉኝ።

ሌላው ግን አናደደኝ። ባዶ ቤት ስለሚጠርግ ማሽን ነው። ደራሲው ሞተሩን ሦስት ገጽ ሙሉ ሲያብራራ ቆይቶ፣ ቤቱ ለምን ባዶ እንደቀረ ሳይነግረኝ ጨረሰው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብዬ ዘጋሁት።

ልቤን የወሰደው አንድም ቃል የሌለበት የሥዕል መጽሐፍ ነው። አንዲት አሮጊት መንገድ ትሻገራለች፤ በቃ። ስምንት ገጽ ይፈጅባታል። በመሃል በመሃሉ ባዶ ነጭ ሳጥን ይመጣል፤ ቆማ ትንፋሽ ስትሰበስብ ነው። ብሩሹን እንደያዝኩ ሙጫው ደረቀብኝ። ያን ባዶ ቦታ የት እንዳየሁት ትዝ አለኝ፤ በየደብዳቤህ ግርጌ ከምትሥልልኝ ሥዕሎች በአንዱ። እማዬ ደረጃ ስትወጣ ስትሥልልኝ፣ በየሁለት ደረጃው ባዶ ትተህ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጽሐፉ ሠዓሊ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ኃላፊዬ ሥራዬን ሊያሳዩዋት ወደ ምድር ቤት አወረዷት። ሳላስፈቅድህ ደብዳቤዎችህን ከመሳቢያዬ አውጥቼ አሳየኋት። ቋንቋችንን ስለማታውቅ ምስጢራችንን አላነበበችም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያስጠጋች አየችና ሥራህን ጠየቀችኝ። በያጅ ነው አልኳት። «ይህ ሰው ዝምታን መሣል ያውቅበታል። ማን አስቆመው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ጋሼ፣ አባባ ሲሞት የሥዕል ትምህርትህን ትተህ የብየዳ መነጽሩን ያጠለቅኸው እኔ ትምህርቴን እንድጨርስ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። አንተ «ሥዕል የልጅነት ነገር ነው» ስትል እኔም አመንኩህ፣ ማመኑ ስለቀለለኝ። አሁን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የሣሏቸውን መጻሕፍት ቀን በቀን እየሰፋሁ እንዴት ልመንህ? ይቅር በለኝ።

ሠዓሊዋ ከልዩ ልዩ ሰዎች ለምታሰባስበው መጽሐፍ ካንተ አሥራ ሁለት ገጽ ትፈልጋለች። አድራሻዋን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እምቢ ብትል አልከፋም፤ የኔ ልመና ሌላ ነው። በላክህልኝ ሥዕሎች ሁሉ ሌላ ሰው አለ፤ አንተ ግን አንዱም ላይ የለህም። እስቲ አንድ ገጽ ላይ ራስህን ሣልልኝ። ቃል አትጨምርበት። አነበዋለሁ።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ። ለባለቤትህ፣ ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉረው ዜማ በጆሮዬ እንዳለ ንገራት። ልጅህን ጉንጯን ቆንጥጠህ ሳማት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬ ይድረስ፤ የሰፋልኝ ካፖርት እስካሁን አንድ ክር አልተተረተረም።

ታናሽ እህትህ
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት
ኅዳር 19 ቀን