አንድ ምንሽር፣ አስራ አንድ ፎቶ

መስከረም 16፣ እሑድ፣ ጠ/1፡40

ያ አንገተ ረጅም ወፍ ዛሬም አሾፈብኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሐይቁ ዳር ተንበርክኬ ጠበቅሁት። ጉልበቴ ደነዘዘ። ላነሳው ስል ብድግ ብሎ ሄደ። ካሜራው ውስጥ የቀረልኝ ውሃና ግማሽ ክንፍ። ሰደብኩት። እሱ ምን ቸገረው።

ስማ ደብተር፤ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ስነዳ የጉዞ መዝገብ ስሞላ ነው የኖርኩት። መነሻ፣ መድረሻ፣ ጭነት፣ መመለሻ ሰዓት። አሁን መኪና የለም፤ ቀኝ ዓይኔ ደፈረሰ። ካሜራ ግን አንድ ዓይን ነው የሚፈልገው። ይህን ለዘይነባ ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። (ባለቤቴ ናት። ከእንግዲህ ዘ. ብዬ ነው የምጽፋት። ካነበበች ትቆጣለች።)

ካሜራውን የገዛሁት ደሴ፣ ከጅዳ የተመለሰች ልጅ ያገለገለ ዕቃ ከምትሸጥበት። ሦስት ነበሩ። አዲስ የሚመስለውን ተውኩት፤ ያገለገለ መኪና ስገዛም ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን እፈራለሁ፣ ግጭት የሚደበቀው በቀለም ነው። የተፋፋቀውን፣ ከባዱን አነሳሁ። የፊት መስታወቱን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁ፤ ጭረት የለ፣ ሻጋታ የለ። ሃያ ጊዜ አስጮህኩት፤ ድምፁ ሁሌም እኩል። በተረፈችኝ ብር ወይ ሁለተኛ ባትሪ፣ ወይ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ። ልጅቱ ጋሼ ባትሪውን ይያዙ፣ ኋላ ይቆጭዎታል አለችኝ። መብራት እያለ ለምኔ ብዬ ሌንሱን ወሰድኩ። ይኸው ወፍ ይጫወትብኛል።

ጦርነቱ ከላይ እየወረደ ነው ይላል ሰው። ት/ቤቱ በተፈናቃይ ሞልቷል። ሬዲዮው አብሽሩ ይላል።

መስከረም 22፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

እንዴት ያለ ቀን! ኧረ እንዴት ያለ ቀን!

ጀማል ጓደኞቹን ይዞ መጣ። የጎረቤቴ የሐሰን ልጅ ነው፤ ዓሣ ያወጣል፣ ይሸጣል፣ ከታንኳው ሌላ ነገር አያውቅም። ፎቶ አንሳን አሉ። ውሃው ዳር ባቆማቸው እንጨት ሆኑ። እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። እኛ አገር ባዶ እጁን ፎቶ የሚነሳ የለም። ሙሽራዋ የፕላስቲክ አበባ ትይዛለች፣ ከአረብ አገር የመጣችው ስልኳን፣ ተማሪው ዲፕሎማውን። እነዚህ ምን ይያዙ፣ ዓሣ? ሄጄ የአባቴን ምንሽር ከአልጋ ሥር አወጣሁ።

ከአምባሰል የወረደ ጠመንጃ ነው። መተኮሻ መርፌው የተሰበረው እኔ ልጅ ሳለሁ። ጥይትም የለው። ማንገቻው ላይ እናቴ የሰፋቻቸው ሦስት ዛጎሎች አሉ።

እሱን እንደያዙ ፊታቸው ተለወጠ። ደረት ወጣ፣ አገጭ ቀና አለ። ወላሂ ሌላ ሰው ሆኑ። ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ተግተለተለ። ሐሰን ራሱ በሽርጡ ቆሞ ጥርሱን ገለጠ። ዘ. እጇ ሊጥ እንደሆነ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። እኔም በሰዓት ቆጣሪው ራሴን አነሳሁ። አስር ሰው በአንድ የሞተ ጠመንጃ።

መጨረሻ ላይ ይመር መጣ፣ የእትዬ በላይነሽ አንድ ልጅ። እሱ የምሩን ነው። ሚሊሻ ገብቷል፣ ነገ ይዘምታል። የራሱን ክላሽ በአንድ ትከሻ፣ የኔን ምንሽር በሌላው። አስራ አንደኛ። እንደሱ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም። አሁንም እየከፈትኩ አየዋለሁ። ደስ ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ ደስ ብሎኛል!

መስከረም 29፣ ቅዳሜ

ደሴ ሄጄ ሦስት ፎቶ አሳጠብኩ። የጀማልንና የሁለት ጓደኞቹን፣ በትልቁ፣ ከነፍሬሙ። ሐሰን ከበሩ ትይዩ ሰቀለው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጀማልን ነው። እናቶቻቸው መረቁኝ። የይመርንና የሌሎቹን በሚቀጥለው ጉዞ።

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ከንፈሬ ተሰንጥቋል።

ወፉን ስከተል ረጅሙን ሌንስ ወደ ኮረብታው አዞርኩ። ለካ የኛ ሰዎች እዚያ ምሽግ ይቆፍራሉ። ምን አውቄ! ጥበቃ የወጡ ጎረምሶች ሰላይ ብለው ጮኹ። አንዱ ጉልበቴን በዱላ መታኝ፣ ወደቅሁ። ከዚያ በእግር። ሆዴን፣ ጎኔን፣ አፌን። የማላውቃቸው ቢሆኑ ደግ ነበር። አንዱን ልጅ ሳለ ታሞ በመኪናዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። እሱ ነው ድንጋይ ያነሳው። በሁለት እጁ።

ጀማል ከታንኳው ዘሎ መጥቶ ላዬ ላይ ተኛ። መጀመሪያ እኔን አለ። ድንጋዩ የሱ ትከሻ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ያኔ ደነገጡ። አያ እንድሪስ ሾፌሩ እኮ ነው እያለ ጀማል ያለቅሳል። እነሱ አንድ በአንድ ሸሹ።

ሌንሱ ደቀቀ። ካሜራው ተረፈ። ዘ. ቁስሌን በጨው ውሃ እያጠበች በዚያ ብር ዶሮ ብትገዛ ምን ነበረበት፣ ዶሮ ቆሞ ይጠብቅሃል አለች። ሳቅሁ። ጎኔን ወጋኝ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ይመር ሞተ። አስከሬን የለም። አብሮት የነበረ ልጅ ደም የነካው ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ፣ እሱም የይመር ይሁን የሌላ አላወቀም።

እትዬ በላይነሽ እቤቴ ድረስ መጣች። ለቅሶ ቤት የምታስቀምጠው ፎቶ የላትም። ያቺን አሳየኝ አለች። መብራት ከጠፋ ስድስት ቀኑ። ፎቶው የሚታይበት የካሜራው የኋላ መስታወት ትንሽ ነው፣ ተጭሯል፤ የይመር ፊት በዚያ ላይ እንዲታይ አልፈለግሁም። ታገሺ፣ በትልቁ አሳጥቤ ነው የማመጣልሽ አልኳት። ትዕቢት ነው። ደሴ ያለው ፎቶ ቤት ዘግቶ እንደሸሸ ማታ ሰማሁ።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ከንጋት ጀምሮ ከባድ መሳሪያ። ምድሩ ይዘላል። አንዱ ገበያው ጥግ ወደቀ። አህያ ከነጭነቷ ተበጣጥሳ ግድግዳው ላይ። አንዲት ሴት የተቆረጠ እግሯን አቅፋ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፤ እዩልኝ ትላለች ብቻ። በሽርጥ አሰርንላት። እስክንጨርስ ሞተች።

ዘ. ጠመንጃው ዛሬውኑ ይውጣ፣ አለዚያ እኔ እወጣለሁ አለች። በጆንያ ጠቅልዬ ሐይቁ ውስጥ ጣልኩት። ታንኳ ይዤ ገባ ብዬ፣ ጥልቁ ላይ። ከነእናቴ ዛጎል። ካሜራውንም አለች። እሱን ዋሸኋት፤ ጤፉ ውስጥ ቀበርኩት።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ገብተዋል። የታጠቁ ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ቤት ለቤት መሳሪያ ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ፍራሹን ቀደዱ፣ ቁምሳጥኑን ሰበሩ። ጤፉን አልነኩም።

ከዚያ ሐሰን ቤት ገቡ። በሩን እንዳለፉ ጀማል ከግድግዳው ላይ አያቸው። ከነምንሽሩ።

በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም አይቻለሁ። በሰደፍ የሐሰንን ጥርስ ሲያወልቁ አይቻለሁ። ጠመንጃው የታል ይሉታል። ለፎቶ ነው፣ ከሰው ተውሰን ነው ይላል ደሙን እየዋጠ። ከማን? ዝም። ከማን? ዝም። እኔ አሥር እርምጃ ላይ ነኝ ደብተር። አሥር እርምጃ። ሐሰን አንዴ ወደ አጥሩ አየ። የት እንዳለሁ ያውቃል። ስሜን አልጠራም።

ደረቱን ሁለት ጊዜ በጥይት መቱት፣ ደጃፉ ላይ። ፍሬሙን ከግድግዳ አውርደው ጀማልን በዚያ በተሰበረ ትከሻው እየጎተቱ ወሰዱት። ታች ሰፈርም ሁለት ቤት ገቡ፣ ሁለቱን ጓደኞቹን ያዙ። እኔ ያሳጠብኳቸው ሦስት ፎቶዎች። ለቅመው የወሰዱት እነዚያን ነው።

መቃብር ድረስ አላስኬዱንም። ሐሰንን አራት ሆነን ጓሮው ቀበርነው። ከፈኑ የዘ. ነጭ አንሶላ።

ጥቅምት 24፣ ረቡዕ፣ ቀን/7፡00

አለቃቸው ብልጥ ነው። ሦስቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንገቻውን አየ። ያው ሦስት ዛጎል። ጠመንጃው አንድ ነው፣ እንግዲያ አንድ ቡድን ናችሁ፣ የደበቃችሁት ሌላም አለ አላቸው አሉ። ልጆቹ መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። እስከ ነገ ቀትር ባለ ጠመንጃው ከነጠመንጃው ካልቀረበ ሦስቱም ይረሸናሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይህን ነግረውን ሄዱ።

ጠመንጃው ውሃ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች በታንኳ ወጥተው በመንጠቆ ፈለጉ። ከዳር ተተኮሰባቸው። አንዱ ሆዱን ተመቶ ተመለሰ።

የቀረው ካሜራው ነው። ሐሰን በሽርጡ፣ ዘ. በሊጧ፣ እኔ በዚህ ሆዴ፣ ሁላችንም ያንን ጠመንጃ ይዘናል። ቢያዩት ጨዋታ መሆኑን ማንም ይረዳል። ግን እዚያው ውስጥ ይመር አለ፣ ከነክላሹ፣ ከነሚሊሻ ልብሱ። እሱን ያዩ ቀን ሌላውን ማን ያምናል? መሰረዝ አለበት። በዓለም ላይ ያለው የይመር ፎቶ ይኸው ነው።

ለእናቱ ሳልነግር አላደርገውም። ሄድኩ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ጀማልና ይመር አንድ ታንኳ ላይ ነው ያደጉት። አልሰደበችኝም፣ አልመታችኝም። ከዚያ አንዴ አሳየኝ አለች። ከፈትኩላት። ባትሪው ሦስት መስመር ነበረው። በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገች፣ ጭረቱን ቆሻሻ መስሏት። ጠረገች፣ ጠረገች። ተይ አላልኳትም፤ አንድ መስመር እስኪቀር ተውኳት።

አጥፋው አለች። ሌላው ልጄ ይውጣልኝ።

እዚያው ልሰርዘው አልቻልኩም። ነገ አልኳት።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ፣ ጠ/2፡00

ከመሰረዜ በፊት እዚህ ልጻፈው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ይገኛል።

ይመር ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ሁለት መሳሪያ ከብዶታል። ኮቱ ሰፊ ነው፣ እጀታው ጣቱ ድረስ። ሁለተኛው ቁልፍ የለም፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ፀጉሩ ርጥብ ነው፣ ሐይቁ ውስጥ ተነክሮ ነው የመጣው። ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ አለች፣ ፀሐይ አግኝታታለች። ከንፈሩን ገጥሟል፣ ጀግና ለመምሰል። ዓይኑ ግን እየሳቀ ነው፤ ከኋላዬ ጀማል እያሾፈበት ነበር። ከጀርባው ውሃው፣ ከውሃው ማዶ ተራራው። ጥግ ላይ ያ ወፍ አለ። ወላሂ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። ቆሞ፣ ሙሉ ሆኖ።

ይጥፋ? ብሎ ጠየቀኝ ካሜራው። አዎ አልኩት።

አንድ መስመር። ያቺ ከጅዳ የመጣች ልጅ፣ ይቅር በይኝ። እነሱ ፊት እስክቆም አልከፍተውም።

ፈርቻለሁ። ከእኔና ከሦስት ልጅ ማን እንደሚበልጥ ግን ሐሰን ነግሮኛል፣ ስሜን ሳይጠራ። መጀመሪያ የማሳያቸው ጠመንጃ የያዘውን ሐሰንን ነው። የገደሉትን ሳቅ ይዩት። ዘ. ግን አይሆንም፣ የኔን አስቀድም፣ ሊጥ የያዝኩትን፣ ሰው ከሳቀ እጁ ይላላል ትላለች። እሺ አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ የምታሳየኝ እሷ ናት።

የጫማዬን ማሰሪያ ጎንበስ ብላ አሰረችልኝ። ጎኔ አላጎነብስ ብሎኝ ነው። ጓሮ ጉድጓድ ምሳለች፣ አንተን፣ ደብተር፣ የምታስቀምጥበት። እያለቀሰች አይደለም። ቶሎ በል፣ ቀትር ይደርሳል ትለኛለች።

ጠ/2፡40
መነሻ፦ ቤት።
መድረሻ፦ መጋዘን።
ጭነት፦ አስር ሰው።
መመለሻ ሰዓት፦