ሁለተኛ ረድፍ፣ አራተኛዋ ሸክላ

ውድ እህቴ፣

አልጠፋሁም። ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝና ይህን ላስተካክል። ትናንት ወደማርፍበት ቤት ደውለሽ «እህቴ አእምሮዋ ተነክቶ ከተማ ውስጥ ስትንከራተት ተገኘች የተባለው እውነት ነው ወይ» ብለሽ እንደጠየቅሽ ባለቤቲቱ ነግራኛለች። እውነት አይደለም። ከነጋዴው ሱቅ በገዛ እግሬ ወጣሁ፤ የምሄድበትን አውቅ ነበር፤ በቦርሳዬ የያዝኳትንም የግድግዳ ሸክላ ደረሰኝ ጽፌ ትቼ ነው የወሰድኳት። ልጅሽ ጎንሳሎ ያገኘኝ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መቀመጥ መንከራተት አይደለም።

አሁን፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? ሽሮፑን በማንኪያ ለክተሽ ውሰጂ፤ ከጠርሙሱ እንደምትጎነጪ አውቃለሁ። እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጎንሳሎ የነገረሽ ግማሹን ስለሆነ ሙሉውን እኔ ልጻፍልሽ። ወደ ሊዝበን ሲጋብዘኝ «አክስቴ፣ ሁለት ቀን ይዝናናሉ፣ በመሃል አንዲት ወረቀት ይፈርማሉ፣ አለቀ» ነበር ያለኝ። ወረቀቷ ከእናታችን ቤት መመገቢያ ክፍል ግድግዳ የተነቀሉት ስልሳ ሥዕላዊ ሸክላዎች በሙሉ የአንድ ሥራ ቤት፣ የአንድ ዘመን መሆናቸውን፣ አንዱም እንዳልተተካ የምትመሰክር ናት። አርባ ዓመት እንዲህ ያሉ ሸክላዎችን ስጠግን ስለኖርኩ፣ ገዢው ያለ እኔ ፊርማ አልወስድም ብሏል። ቤቱ የአንቺ ነው፤ ሽያጩን አልተቃወምኩም።

የመጀመሪያውን ቀን ወንዙ ዳር ወዳለው ቤሌም ሰፈር ወሰደኝ። ቀረፋ የተነሰነሰበት ኬክ አበላኝ፤ የድሮው ማማ አጠገብ አቁሞ «ፈገግ ይበሉ እንጂ አክስቴ፣ ቀብር አይደለም» እያለ ፎቶ አነሳኝ። ወረቀቷ ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ትታየኛለች። ከሰዓት በኋላ በትራም ወደ ግራሳ ኮረብታ ወጣን። ከተማው ከበታቻችን ተዘርግቶ ሳለ ወረቀቷን አውጥቶ የድንጋዩ መከታ ላይ ዘረጋና «ከዚህ የተሻለ ጠረጴዛ የት ይገኛል» አለኝ።

ጀርባውን ገልብጬ ያላየሁትን ሸክላ አልፈርምበትም አልኩት።

«ፊታቸውን ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲያዩት ኖረው የለ?»

«ፊታቸውን ነው ያየሁት» አልኩት። እስክሪብቶውንም ወረቀቷንም መልሶ ከተተ።

በማግስቱ ሴኞር ባራዳሽ የተባለው ነጋዴ ሸክላዎቹን መሬት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ደርድሯቸው ጠበቀኝ። ታንኳይቱ፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ታንኳይቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት፣ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ተንበርክኬ አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ። ያ ሥራ ቤት ከየሸክላው ጀርባ ለረድፉ ፊደል፣ ለተራው ቁጥር ይጽፍ ነበር። ግንበኛ ከወለል ተነስቶ ወደ ላይ ስለሚሠራ የመጀመሪያው ፊደል የታችኛው ረድፍ ነው። ይህን ጀርባውን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ የሚያይ ሰው ግን እንደ መጽሐፍ ከላይ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ፊደል ከአራት ቁጥር ጋር ሁለት ሸክላ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። አምስተኛው ፊደል ደግሞ አራት ቁጥር ጎድሎታል።

ረድፉ ስድስት ስለሆነ፣ የጎደለው ቦታ ላይ ያለችው ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ አራተኛዋ ሸክላ ናት። የሴትየዋ ፊት ያለባት። ወደ መስኮቱ ወስጄ የሚያብለጨልጭ ልባሷን አየሁ፤ ሰማያዊውን አየሁ፤ የብሩሹን አካሄድ ከጎረቤቶቿ ጋር አስተያየሁ። አርባ ዓመት የሠራሁበት ዓይኔ ምንም አላገኘባትም። ጀርባዋን ባልገለብጥ ኖሮ ምዬ እፈርም ነበር። ጀርባዋ ላይ የተጻፈችው አራት ግን አናቷ ክፍት ነው። ለዚያች አራት መነኩሲቷ አስተማሪያችን እህት ፐርፔትዋ ስንት ጊዜ ጣትሽን በማስመሪያ እንደመታችሽ አልረሳሁም።

የድሮዋ መቼ ተሰበረች? እኔ እዚህ ሊዝበን የሥዕል ትምህርት ቤት በነበርኩበት ክረምት መሆን አለበት። ለፋሲካ ስመጣ ግድግዳው ሙሉ ነበር፤ አንቺም ምንም አላልሽም። ከጀርባ ፊደልና ቁጥር እንደሚጻፍ ከማን ሰማሽ? የማንን እቶን ተጠቀምሽ? ሰማያዊውን እንዴት አገኘሽው? ማንም ሳያስተምርሽ።

ለነጋዴውና አብሮኝ ለነበረው ለጎንሳሎ ያየሁትን ነገርኳቸው። ሴኞር ባራዳሽ ሳቀ። «ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ተመልሶ ኖራ ውስጥ ለሚገባ ጀርባ ማን ይጨነቃል?» አለኝ።

«የምፈርመው ስልሳ ተብሎ ነው» አልኩት። «ሃምሳ ዘጠኝ ናቸው።»

«እንግዲያው ገዢዬ አይወስድም» አለ፤ ሳቁን አቆመ።

ጎንሳሎ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «አክስቴ፣ እማዬ አልጋዋ አጠገብ ባልዲ አስቀምጣ ነው የምትተኛው። ጣራውን የምሠራው በዚህ ነው። ለአንዲት ሸክላ ብለው እናቴ ላይ ዝናብ ሊያዘንቡባት ነው?»

አንድ ቀን ስጡኝ አልኩ፤ ደረሰኝ ጻፍኩ፤ ሸክላዋን በሻርፔ ጠቅልዬ ወጣሁ። ልጅሽ አበደች ያለው ይህን ነው።

ወንዙ ዳር የተቀመጥኩት ስለ አባታችን እያሰብኩ ነው። «ታናሿንም ትምህርት ቤት ልላካት? ለሥዕል እጅ አላት ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የላትም» ብዬ እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ፤ ቤት የቀረሽው በእኔ መልስ ነው። የሥዕል ደብተርሽን ሳላይ እንደፈረድኩብሽ ስትናገሪ ኖረሻል። እኔም ስልሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ እንድትይ ተውኩሽ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ወረቀት በእጄ ጻፍኩ። ሃምሳ ዘጠኙ የጥንት ናቸው፣ አንዷን ከስልሳ ዓመት በፊት በከተማችን በኤቮራ የሳለቻት እህቴ ናት ብዬ ስምሽን ከነአባትሽ አሰፈርኩ። ከጎረቤቶቿ አታንስም የሚልም ጨመርኩ፤ በሥራ ዘመኔ ለማንም ጽፌው የማላውቅ ቃል ነው። ገዢው ይተወው ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አልጻፍኩም። ቤቴ ውስጥ ግቢውን የሚያየው ክፍል አንዲት ጠብታ አይገባበትም፤ አልጋውም ሰፊ ነው። በአንድ ከተማ እየኖርን በዓመት ሁለቴ ብቻ መተያየታችን ራሱ ትክክል አልነበረም። እምቢ ካልሽም ሐቅሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ ጎንሳሎ ዛሬ በመኪና ሲመለስ ይሰጥሻል። ተቆጥቷል እንጂ ደብዳቤ አይጥልም፤ ልጅሽ ነው። ከእኔ ቀድሞ እንዲደርስሽ የፈለግሁት፣ በሩን ስትከፍቺልኝ አንብበሽው እንድትጠብቂኝ ነው። ላትከፍቺም ትችያለሽ።

እመቤታችን ደረትሽን ታሙቅልሽ፤ ልጅሽንም በመንገዱ ትጠብቅልሽ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። በሦስት ሰዓት ሱቁ ሲከፈት ወረቀቱንና ሸክላዋን ለሴኞር ባራዳሽ አስረክቤ ደረሰኜን እቀበላለሁ። በአምስት ሰዓት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ኤቮራ ስደርስ ቤቴ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ኮቴን ሳላወልቅ፣ ተቀመጪም ሳልባል፣ ያን ጊዜ ደብተርሽ ውስጥ ያየሁትን እነግርሻለሁ።

ታላቅ እህትሽ