ክፍል ሁለትን መርሳ አልተቀበለችውም

እህት አለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ራስ ምታትስ እንዴት አደረገሽ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ጀምሯል፤ ማንጎውም ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። እናትሽን ትናንት አየኋቸው፤ አሁንም በእግራቸው ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ። የጻፍኩልሽ ልጣላሽም፣ ላመሰግንሽም ነው። ከጠቡ ልጀምር።

አዲስ አበባ ገብተሽ ለቴሌቪዥን የጻፍሽውን ያንን የፍቅር ፊልም ከእኔና ከአብዱልሐሊም መውሰድሽን መርሳ ሁሉ ያውቃል። ለትምህርት ወደ ወልድያ በተሳፈርኩ ቁጥር በአውቶቡሱ መስኮት ብርቱካን ይወረውርልኝ የነበረው ልጅ፣ አንድ ቀን ራሱ ተሳፍሮ አጠገቤ ቁጭ አለ። በፊልሙ ብርቱካኑ ጽጌረዳ ሆኖ አገኘሁት። ጽጌረዳ! መርሳ ላይ ማን ጽጌረዳ ይሸጣል? ግን ደስ ስላለኝ ይሁን አልኩ። በየበዓሉ በተደገመ ቁጥር ሰፈሩ እኛ ቤት ይሰበሰባል። መጨረሻ ላይ ሲጋቡ እትዬ ዓቢዳ እጃቸውን ዘርግተው፣ ውለዱ ክበዱ እያሉ ቴሌቪዥኑን ይመርቃሉ፤ እኛም አሚን እንላለን።

ታዲያ ይሄ ክፍል ሁለት ምንድነው፣ በሞቴ? ለአረፋ ይታያል ሲባል ቤቱ ጢም አለ። ባልየው መኪና ገዛ፣ ከከተማ ከተማ ዞረ፣ ሌላ ሴት ወደደና ሚስቱን ትቷት ሄደ። እሷ ራቱን ከድና በር በሩን እያየች አለቀ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! አሚን የሚል ጠፋ። እትዬ ዓቢዳ ምርቃቴን ማን አነሳብኝ ብለው ተቆጥተው ወጡ።

ጉድ የፈላው ከዚያ ወዲያ ነው። አብዱልሐሊም በቅርቡ ፍራፍሬ የሚጭንበት አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ሐራ ይመላለሳል። እርፍ! ሰው ፊልሙን ከቤቴ ጋር ገጠመው። ሐራ ማን አለችው ይባል ጀመር። ጎረቤት አይዞሽ ሊለኝ ይመጣል። አማቴ ይሄ ልጄ ጉድ ሠራሽ ብለው አለቀሱ። እሱም ገበያ ላይ ሰላምታ ተነፍጎ ውሎ ይገባል። እኔስ? ምን ልደብቅሽ፣ ሸሚዙን አሸተትኩ። ማንጎ ማንጎ ይላል። ስቀና ደግሞ እሱ አየኝ። ከዚያ ወዲያ ጀርባ ተሰጣጥተን እናድር ጀመር፤ ክፍል ሁለትሽ ቤቴን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ ሽማግሌ መጣ። ማን ላካቸው? ማንም! ሼህ ኑርሁሴን፣ ጋሽ ሞላ፣ እትዬ ዓቢዳም ከሴቶቹ ጋር ማንጎው ሥር ተቀመጡና፣ በይ ልጄ፣ በደልሽን ተናገሪ አሉኝ። አብዱልሐሊም አንገቱን ደፍቷል። ተነሣሁ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ፣ መራመድ የማትችለዋን እናቴን በጀርባው አዝሎ የውጫሌን መንገድ የያዘው ማን ነው አልኳቸው። እሱ ነው። ዛሬም ማታ ሲመጣ በበሩ ከመግባቱ በፊት በመስኮት ብርቱካን ይወረውርልኛል። አንድ ቀን ወጥ ድስቴ ውስጥ ገብቷል። በደሉ ይሄ ነው፤ ክፍል ሁለታችንም ይሄው ነው አልኩ።

እቴ፣ እልልታው ሲሪንቃ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም! ጋሽ ሞላ እየሳቁ፣ ሽማግሌ መላክስ ለቴሌቪዥኑ ነበር አሉ። አማቴ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። በማግስቱ ፊቱን ያዞረበት ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጽጌረዳ የለኝም፣ ከይቅርታው ብርቱካን ብትገዙኝ ይሻላል አላቸው። ያን ቀን አንድም ሳይተርፍ ሸጦ ገባ። ማታ መስኮቱ ተንኳኳ፤ ለእኔ ግን አንዱን ደብቆልኝ ነበር። ረታን፣ እህት አለሜ!

አሁን ወደ ምስጋናው። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እትዬ ዓቢዳ ወደ ኋላ ቀሩ። ያቺ የፊልሙ ሴት ስታለቅስ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ትነክሳለች፤ አንቺ እንዲህ ታደርጊያለሽ ወይ አሉኝ። እኔ ሳለቅስ ሰፈሩ ይሰማል እንጂ ሻሽ ነክሼ አላውቅም። ድምፅዋ እንዳይሰማ ሻሽ የምትነክስ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችን። ስሟን አልጠራንም። እትዬ ዓቢዳ ግን እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት፤ ምርቃቴ መንገድ ይስት ይሆናል እንጂ አይጠፋም አሉ። ያቺን ሴት ስላሳየሽን አመሰግንሻለሁ። ከላይ በሰላምታዬ ባልሽን የዘለልኩትም ረስቼ አይደለም።

እሁድ አብዱልሐሊም ፍራፍሬ ጭኖ አዲስ አበባ ይመጣል። ሲመለስ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እናትሽ መኝታ ቤትሽን አስጠርገዋል፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

አላህም፣ ያንቺዋ እመቤታችንም መንገድሽን ያቅኑልሽ። እንባሽን በሳቅ ይለውጡልሽ። መርሳ ስትገቢ መስኮቱን ክፈቺው፤ መንገድ ዳር ቆሜ የምወረውርልሽን ብርቱካን ቅለቢ።

የልጅነት እህትሽ